በአጥሩ ሥር የቆሙት ቢጫ ምልክቶች

ኦፓል ሬንፍሮ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ነበር ደሟ የፈላው። ምልክቶቹ አምና ከተዋቻቸው ቦታ አልተነቃነቁም። ቢጫ ቀለማቸው አዲስ ተቀብቷል፤ «ተጠንቀቁ፣ የቤንዚን ቧንቧ» የሚለው ጽሑፍ ከሩቅ ይነበባል፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ከአጥሩ ሥር ተሰልፈዋል። የሚያምሩ ምልክቶች ናቸው፣ አንድ ጉድለት ብቻ ነው ያለባቸው። ቧንቧው እነሱ ሥር የለም።

ቧንቧው ያለው ከአጥሩ ወዲያ፣ ስንዴው መሃል ነው። በዚያ በምዕራብ ኦክላሆማ አገር ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም፣ የማያውቅ የቧንቧ ኩባንያ ሠራተኛም የለም። ምልክት ስንዴ መሃል ከቆመ በአጨዳ ጊዜ ኮምባይነሩ እየዞረው መሄድ አለበት። ስለዚህ ገበሬው ይነቅለውና ወስዶ አጥሩ ሥር ይተክለዋል። የኩባንያው ሰዎች ደግሞ ቀለም ሊቀቡ ሲመጡ ጫማቸውን ጭቃ ሳይነካው ከመንገድ ዳር ሆነው ስለሚጨርሱ በልባቸው ይመርቁታል። ገበሬው ደስ ይለዋል፣ ኩባንያው ደስ ይለዋል። የማይደሰተው ሕጉ ብቻ ነው፣ የሕጉ አፍ ደግሞ ኦፓል ናት።

ኦፓል የግዛቲቱ መንግሥት የነዳጅ ቧንቧ ተቆጣጣሪ ናት። ተቆጣጣሪ ሲባል ለሰው የሚመስለው ፊሽካ ነፍቶ ሁሉን ቀጥ የሚያደርግ ነው። እሷ ፊሽካ የላትም። ያየችውን ትጽፋለች፣ አለቆቿ ለኩባንያው ይልኩታል፣ ኩባንያው «ደርሶናል፣ እናጣራለን» ይላል፣ ቀጥሎ ጠበቆች ይገቡበታል፣ በመሃሉ ስንዴው ይታጨድና ተመልሶ ይዘራል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ይህን እያወቀች በየዓመቱ ትወቅጣለች፤ ባሏ በሕይወት በነበረ ጊዜ «አንቺን ያገባሁት ለሰላም ብዬ ነበር» እያለ ይቀልድባት የነበረውም ለዚህ ነው።

የዘንድሮው ግን ሌላ ሆነ። ስንዴው ካበቃበት የባፕቲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ይጀምራል፤ ቧንቧውም በዚያው ጓሮ ሥር አልፎ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ጓሮው ሣር ላይ በነጭ ኖራ ትልቅ አራት ማዕዘን ተሰምሯል። አጠገቡ የተተከለው ሰሌዳ «ቅዳሜ ጠዋት የአውሎ ነፋስ መሸሸጊያችንን እንቆፍራለን! አካፋና የሚበላ ነገር ይዛችሁ ኑ!» ይላል። ከኖራው ራቅ ብሎ፣ በአጥሩ ምልክቶች ትይዩ፣ ቢጫ የቀለም መስመር አለ።

ኦፓል የሆነውን ለመረዳት ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቤተ ክርስቲያኑ ሕጉ እንደሚያዘው ከመቆፈሩ በፊት ደውሏል። ኩባንያው ሰው ልኳል። ሰውየው ምልክቶቹን በመኪናው መስኮት አይቶ፣ ቧንቧ ፈላጊ መሣሪያውን ከሳጥኑ ሳያወጣ፣ በእነሱ ልክ ቀለሙን ረጭቶ ሄዷል። ሁሉም ድርሻውን ተወጥቷል። ኖራው ግን፣ ኦፓል በያዘችው ካርታ መሠረት፣ ያረፈው ቧንቧው ጀርባ ላይ ነው። በዚያ ቧንቧ ውስጥ የሚሄደው ቤንዚን የመቆፈሪያ ማሽኑ፣ የኤክስካቫተሩ ጥርስ ከበሳው ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በላይ ይፈናጠራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው አንድ ብልጭታ ብቻ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ጉባኤው በሙሉ እዚያ ቆሞ ሊመለከት ነው።

ለኩባንያው የደኅንነት ኃላፊ ለትሬንት ሃልሲ ደወለች። ትሬንት በዕድሜው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ይህም ያናድዳታል።

«ሚስ ኦፓል! ድምፅዎን ስሰማ እንዴት ደስ እንደሚለኝ!»

«ትሬንት፣ ምልክቶቻችሁ አጥር ሥር ናቸው።»

«አዎ፣ አዎ። ቀለሙን እንዴት አዩት? ዘንድሮ ጥሩውን ነው የገዛነው።»

«ስለ ቀለም አልጠየቅኩህም። ቧንቧው የት ነው?»

«ምልክቶቹ ሥር ነዋ።»

«ካርታችሁ እንደዚያ አይልም። ስንዴው መሃል ነው የሚለው።»

«ካርታው እኮ የጥንት ነው፣ ሚስ ኦፓል። ነፍሳቸውን ይማርና ያኔ የነበሩት ሰዎች በእርሳስ ነው የሳሉት።»

«ምልክቱንስ ማን ተከለው?»

«እሱን አጣርቼ ልደውልልዎት።»

ማን እንደተከለው ኦፓል አሳምራ ታውቃለች። የተከለው ታላቅ ወንድሟ ዶይል ነው። ስንዴው የዶይል ነው። ቅዳሜ ኤክስካቫተሩን የሚነዳውም ዶይል ነው።

ረቡዕ ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ተሰብስበው እራት ይበላሉ። ኦፓል ባርኔጣዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች። አዳራሹ በዶሮ ጥብስና በተጠበሰ ባሚያ ሽታ ተሞልቷል።

«እህት ኦፓል! ሳህን ውሰጂ» አላት ፓስተር ላይል።

«ልበላ አልመጣሁም፣ ፓስተር። ቅዳሜ አትቆፍሩም ልላችሁ ነው።»

ሹካዎች ቆሙ። ዶይል ግን የያዘውን አጥንት አልለቀቀም። «ደግሞ መጣች» አለ። «በየዓመቱ ይፈነዳል፣ ይፈነዳል ትይናለሽ። እስካሁን የፈነዳው ምንድን ነው? ያንቺ ሐሞት ብቻ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኦፓል ጥርሷን ነክሳ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ምልክቶቹን የነቀልክ አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?»

«ነኝ። መቼ ካድኩ? የኩባንያው ሰዎችም አይተዋል። ምን አሉኝ መሰለሽ? እግዜር ይስጥልን አሉኝ።»

«ታዲያ ቧንቧው የት ነው?»

«ከአጥሩ ወዲህ የሆነ ቦታ ነዋ።»

«የሆነ ቦታ!» አለች ኦፓል። «ሰምታችኋል? የሆነ ቦታ! እሱ ላይ ነው እንግዲህ በኤክስካቫተር ልትወጡበት ያሰባችሁት!»

«ቀለም ቀብተውልን የለ? ሕግ ደውሉ አለን፣ ደወልን። ቀቡልን። ከዚህ በላይ ምን እናድርግ፣ ቧንቧውን እንጥራው?» ዶይል እጁን በፎጣ ጠረገ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት አንቺና ካርታሽ ናችሁ።»

ፓስተር ላይል ቀስ ብሎ ተነሣ። እሱ አልሳቀም። «እህት ኦፓል፣ አምና የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ሲነፋ እዚህ ነበርን። ጉባኤው በሙሉ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት ውስጥ ነው የተጠጋጋው። ጣሪያው ከራሳችን ላይ ሲላጥ ቀና ብለን አይተናል። አሁንም ወሩ ያው ወር ነው፣ ሰማዩም ያው ሰማይ ነው። ለቧንቧሽ ሕግ አለሽ። ለአውሎ ነፋሱስ ማን ሕግ ያውጣለት?»

ከሁሉ የሚያበግነው እውነት ያለው መሆኑ ነበር። ትሬንት ላይ መጮህ ይቻላል፣ ዶይል ላይ መጮህ እንዲያውም ግዴታ ነው፣ ጣሪያው በላዩ ላይ የተላጠ ሰው ላይ ግን እንዴት ይጮኻል? ኦፓል ባርኔጣዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት የመንግሥቱን ፒካፕ እያሽከረከረች ጓሮው ውስጥ ገባችና በኖራው አራት ማዕዘን መሃል አቆመችው። ተጣጣፊ ወንበሯን ዘረጋች፣ በረዶ የገባበት ሻይዋን አጠገቧ አስቀመጠች፣ ቁጭ አለች። ብዙም ሳይቆይ አለቃዋ ከዋናው ከተማ ደወለ።

«ኦፓል፣ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ውስጥ ተቀምጠሻል ይሉኛል። ለዚህ ሥልጣን የለሽም እኮ።»

«እየጸለይኩ ነው።»

«መኪናሽም እየጸለየ ነው?»

«እሱም ኃጢአት አለበት» አለችና ዘጋችበት።

ሰው ሁሉ መጥቶ ጎበኛት። ግማሹ ሊቆጣ፣ ግማሹ ሊስቅ፣ አንዳንዱም ሁለቱንም። ዶይል አጥሩ ላይ ተደግፎ «እህት ዓለም፣ ቅዳሜ እዚያው እንቅበርሽ ወይስ ትነሽያለሽ?» አላት። ከሻይዋ ፉት አለች። የጋዜጣ ሰው ፎቶ ሊያነሣ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ግን ትሬንት ሃልሲ ራሱ ደወለ። ዓርብ ከሰዓት ቴክኒሺያን ከነመሣሪያው እንደሚመጣ፣ ይህም የኩባንያው የራሱ ሐሳብ እንደሆነ፣ በለስላሳ ድምፁ ነገራት።

ዓርብ ከሰዓት ቴክኒሺያኑ መጣ፣ ትሬንትም አብሮት መጣ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ቴክኒሺያኑ ከስንዴው ጠርዝ ጀመረ። መሣሪያው ከአጥሩ ምልክቶች አጠገብ ድምፅ አላሰማም። ከአጥሩ ርቆ ስንዴው ውስጥ ሲገባ ግን ካርታው ባለበት ቦታ ላይ ጮኸ። ወደ አስፋልቱ ዳር ሄደው ሞከሩ፤ እዚያም ካርታው ያለው ቦታ ላይ ጮኸ። ኦፓል ትሬንትን ዞር ብላ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱ ቀላ።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ፤ ከዝናቡም ጋር ደቃቅ በረዶ። ቴክኒሺያኑ መሣሪያውን ኮቱ ውስጥ ሸጎጠው። «ሁለቱን ጫፍ አገኘን። መሃሉ ያው ቀጥ ያለ ነው» አለ። በሁለቱ ጫፎች መሃል ሲባጎ ወጠሩ። አንዱን ጫፍ የያዘችው ኦፓል ናት።

ደንቡን ታውቃለች። ቧንቧ የሚፈለገው ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመዱ ነው፤ ይህን ያልፈጸመ ስንቱን ሰው እያዋረደች መልሳለች። አሁን ግን አሸንፋለች፣ ረጥባለች፣ ደክሟታል፣ ሦስት ቀን ሙሉ የወንድሟን ሹፈት ጠጥታለች። ሲባጎው ቀጥ ብሎ ኖራው መሃል ሲያልፍ ስታይ ልቧ በደስታ ሞላ። ዝናቡ ሲያባራ ከሲባጎው ርቃ እስከ ጓሮው ዳርቻ ሄደች፤ የኖራውን ከረጢት ከፓስተሩ እጅ ተቀብላ አዲስ አራት ማዕዘን በገዛ እጇ በተነች።

«እዚህ ቆፍሩ። እዚህ ምንም የለም» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጓሮው በሰው ተሞላ። ጠረጴዛዎች ላይ የፒካን ለውዝ ኬክና ዶሮ ተደረደረ። ኦፓል ከሁሉ ቀድማ መጥታለች። እውነት ለመናገር ያን ጠዋት የማትቻል ነበረች፤ ሰላም የሚላትን ሁሉ በአገጯ ነበር የምትመልሰው። ዶይል ኤክስካቫተሩን እያንጓጓ አዲሱ ኖራ ዳር አደረሰ፣ ባልዲውን ከፍ አደረገ፣ እህቱን አየት አደረጋት። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው፣ ወረደ፣ ከአንዱ ሰው እጅ አካፋ ተቀበለ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም። ሕግ ላከብር ነው። መጀመሪያ በእጅ ነው የሚቆፈረው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እሱ ቧንቧው አጠገብ ሲሆን ነው። ይሄ ሩቅ ነው።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ!»

«ትሬንትም እኔ አልኩ ብሎ ነበር» አለ ዶይል። ከኬኩ ጠረጴዛ በኩል አንዱ «አሜን!» ብሎ ጮኸ፣ ጓሮው ሳቀ።

ኦፓል ቆሽቷ አረረ። ሰማዩን አየች፤ በደቡብ ምዕራብ በኩል ዛሬም ደመና እየተከመረ ነው። «ዶይል፣ ሰዓት አትግደል። ይሄ ሕዝብ መሸሸጊያ ያስፈልገዋል። ውጣና ማሽኑን ንዳ!» አለችው። ጉባኤው በሙሉ ሰምቷል።

«አይሆንም፣ እመቤቴ። ሦስት ቀን ሙሉ ሕግ ጋትሽን። አንቺም ቅመሺው።»

መቆፈር ጀመረ፤ ምን መቆፈር ነው፣ ቲያትር ነው እንጂ። አንድ አካፋ አፈር ያነሣና እያንቀረበበ ያሳያታል። «ይህቺስ ትፈቀዳለች፣ ክብርት ተቆጣጣሪ?» ይላል። አፈሩን እንደ ሕፃን በቀስታ ያስተኛዋል። ባርኔጣውን አውልቆ ሌላ ያነሣል። ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ፓስተር ላይል እንኳ ፊቱን አዞረ። ጉድጓዱ ጉልበቱ ድረስ ሲደርስ ኦፓል አልቻለችም፤ ተንደርድራ ሄደች፣ አካፋውን ልትነጥቀው እጇን ዘረጋች።

«ስጠኝ! ስጠኝና ውጣ፣ ቀልደኛ!»

«አንዴ ብቻ፣ ለፊርማሽ» አለና አካፋውን ጣል አደረገው።

ድምፁ የድንጋይ አልነበረም። ወፍራም፣ ውስጡ ባዶ ያልሆነ የብረት ድምፅ ነበር።

ዶይል የጀመረው ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። ተንበረከከና ጭቃውን በጣቶቹ ጠረገ። ጥቁር፣ ሬንጅ የለበሰ፣ የሰው ወገብ የሚያክል ክብ ነገር ወጣ። አካፋው የነካው በስሱ ነበር፤ ሬንጁ ላይ የጥፍር ምልክት የሚያክል ጭረት ብቻ ይታያል። የኤክስካቫተሩ ባልዲ ከነጥርሱ ልክ ከዚያ በላይ ተንጠልጥሏል።

የኦፓል አፍ ሥራውን ያውቃል። «ሞተር ሁሉ ይጥፋ! ማንም ሲጋራ እንዳይለኩስ! ሁላችሁም ወደ አስፋልቱ! አሁኑኑ! ኬኩን ተዉት!» ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልተከራከራትም። አጎንብሳ አሸተተች፤ የጭቃ ሽታ ብቻ ነው። ለኩባንያው መቆጣጠሪያ ክፍል ደውላ ቧንቧውን አስዘጋች።

ኋላ የፓስተሩ እናት ነች ያስታወሰችው። በጓሮው መሃል ድሮ ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ አውሎ ነፋስ ነው የወሰዳት። ቧንቧ ቀባሪዎቹ በመጡ ጊዜ የዚያን ዘመን ፓስተር በቤተ ክርስቲያኔ ሥር አታሳልፉብኝ ብሎ ለመናቸው፣ እነሱም ተጨባብጠው በኋላዋ፣ በጓሮው ዳርቻ፣ ዞረው አሳለፉት። ካርታ የሚስለው ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ ሁለቱን ጫፍ በማስመሪያ አገናኘ።

ትሬንት ሃልሲ ደረሰ። ጉድጓዱን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ጨዋነቱ ግን አልተለየውም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሚስ ኦፓል። እንግዲህ አንዳንድ ነገር ማጣራት አለብኝ። ይህን የቁፋሮ ቦታ የመረጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዶይል ፈጥኖ።

ኦፓል ወንድሟን አየችው። እግሩ እስከ ጭኑ ጭቃ ነው። ውሸቱን የተናገረው ዓይኑን ሳያሽ ነው፤ ልጆች ሳሉ የሰበረችውን ሁሉ እኔ ነኝ የሰበርኩት ሲል እንደነበረው።

«ይዋሻል» አለች። «የመረጥኩት እኔ ነኝ። ኖራውን የበተንኩት በእጄ ነው። መሃሉን ሳናይ ሲባጎ ስንወጥርም ጫፉን ይዤ ነበር። በማሽን ቆፍር ያልኩትም እኔ ነኝ። እንደነገርኩህ ጻፈው፣ ትሬንት። አታለስልሰው።»

ትሬንት አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሰዎቹ ሄደ። ኦፓል ከጉድጓዱ ራቅ ብላ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች። ዶይልም መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አስፋልቱ ላይ የቆሙት ሰዎች ወደ እነሱ ያያሉ፤ ሕፃናት ታቅፈዋል፣ የፓስተሩ እናት በወንበሯ ተቀምጣለች፣ አንዷ ሴትዮ ኬኳን ይዛ ነው የሸሸችው። ኦፓል ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ለምን በእጅ ቆፈርክ?» አለችው ዞር ሳትል።

«ላናድድሽ ብዬ።»

«ሌላ ምክንያት አልነበረህም? ጠርጥረህ ነበር?»

«ምንም አልጠረጠርኩ። ትክክል ነሽ ብዬ ነበር። ላናድድሽ ብቻ ነው።»

ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ የመጣው ልቅሶ ነው። ዕድሜዋን ሁሉ ሰው አልታዘዝ እያላት ስትቃጠል የኖረች ሴት፣ በጉባኤው ፊት ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች።

«በሕይወትህ አንድ ቀን እንኳ ታዘኸኝ አታውቅም» አለችው።

«አላውቅም» አለ ዶይል።

ጭቃማ እጁን ያዘችው። የኩባንያው ሰዎች ጉድጓዱን አጥረው እስኪጨርሱ ድረስ አልለቀቀችውም።